በሲሚንቶ ወረቀት ላይ የሣልናቸው ልጆች

የመጀመሪያውን ገጽ ያገኘሁት ስኳር ተጠቅልሎበት ነው። ወረታ ላይ፣ ከመኪና መቆሚያው ፊት ለፊት ሱቅ የነበረው ነጋዴ አሮጌ ጋዜጣና መጽሔት ከጎንደር በጆንያ እያስመጣ ስኳሩንም ሚስማሩንም በዚያ ጠቅልሎ ይሸጥ ነበር። እናቴ ስኳሩን ቆርቆሮ ውስጥ ገልብጣ ወረቀቱን ወደ ምድጃው ስትሰድ ቀለሙ ዓይኔን ያዘኝና ከእጅዋ ወሰድኩት። አንድ የእኔ እኩያ የሚሆን የፈረንጅ ልጅ ደረጃ ላይ ተቀምጧል። ሁለት እጆቹን ባልዲ ውስጥ ነክሯል። ከባልዲው እንፋሎት ይወጣል፤ ልጁ ያለቅሳል። ከራሱ በላይ በነጭ ክብ ውስጥ የተጻፈውን እንግሊዝኛ ፊደል በፊደል እየለቀምኩ አነበብኩት። "ፈልጌ አይደለም" ይላል።

ጊዜው በሃምሳዎቹ አጋማሽ ነው። ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ዕድሜዬ ግን ከስድስተኛ ክፍል ያለፈ ነበር። ትምህርቴን በየመካከሉ እያቋረጥኩ ከጠበል ጠበል ስዞር ስለኖርኩ ነው። የሚጥል በሽታ ነበረብኝ። ሊመጣብኝ ሲል የተቃጠለ ላባ ይሸተኛል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን የምሰማው ከሌላ ሰው ነው። ስነቃ ሁልጊዜ ሰዎች ራቅ ብለው ቆመው አገኛቸዋለሁ። ደፋር ሰው ከተገኘ ክብሪት ጭሮ አፍንጫዬ ሥር ይይዛል። አረፋው የነካው ሰው ይይዘዋል ስለሚባል አፌን የሚጠርግልኝ ከእናቴ በቀር አልነበረም። እናቴ ዋንዛዬ ፍል ውኃ ወስዳኛለች፣ ጣራ ገዳም ሱባኤ አስገብታኛለች። አባቴ ግን በፎገራ ሜዳ ከብቱ የሚወራለት ገበሬ ስለነበር ነገሩ እንዲነሣበት አይወድም። እንግዳ ሲጠይቀው "ትንሽ ይደክመዋል" ይልና ወሬ ይለውጣል።

ክፍል ውስጥ ከእኔ ጋር የሚቀመጥ ስለጠፋ መምህሩ ከሸክላ ሠሪዋ ልጅ ጋር አስቀመጠኝ። ከእሷም ጋር የሚቀመጥ አልነበረም። አባትዋ ማረሻና ማጭድ ይሠራል፤ እናትዋ ማሰሮና ጋን ሠርታ ወረታና ይፋግ ገበያ ትሸጣለች። አገሩ ሁሉ በእነሱ ማረሻ ያርሳል፣ በእነሱ ሸክላ ያበስላል። ግን ጠይብ ናቸው፤ ጠይብ ደግሞ ቡዳ ነው ይባላል። ዓይናቸው ያረፈበት ሰው ይታመማል፣ ላም ወተትዋ ይደርቃል ይባላል። በዕረፍት ሰዓት ልጆቹ ቂጣቸውን ከኩታቸው ሥር ደብቀው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይበሉ ነበር። ልጅቷ ይህን እንዳላየ ሆና መሬት ላይ በጣትዋ ትሥላለች። በሬ፣ ሰው፣ ዛፍ። እጅዋ ከልጅነቷ ጭቃ ስለለመደ መስመሩ አይሳሳትም ነበር።

ያን ገጽ መጀመሪያ ያሳየሁት ለእሷ ነው። ለረጅም ጊዜ ትክ ብላ አየችው።

"እጁ ምን ሆኖ ነው?" አለችኝ።

"የነካው ሁሉ ይቃጠላል መሰለኝ።"

"ተረግሞ ነው የሆነው? ወይስ እንዲሁ ተወልዶ?"

"እንጃ።"

"ሌላውን ገጽ ፈልገው" አለች።

ሱቁ ሄጄ ነጋዴውን ለመንኩት። ጆንያውን ራሱ ገልብጦ የዚያ መጽሔት የሆነውን ሁሉ ሰጠኝ። ወረቀቱ ስለሚያንሸራትት ለመጠቅለያ አልተመቸውም ነበር። የፊቱም የኋላውም ገጽ የለም፤ መካከሉ ብቻ ነው። ከትምህርት ቤቱ መዝገበ ቃላት ጋር እየታገልን ስናነበው ብዙ ሳምንት ፈጀብን። ባቡር በተወው አሮጌ ጣቢያ ውስጥ የሚኖሩ ልጆች ናቸው። አንዱ እጁ ያቃጥላል። አንዷ ስትደነግጥ ድምፅዋ መስታወት ይሰብራል። አንዱ ሲያፍር ከዓይን ይሰወራል፤ ሌላ ሰው በስሙ ካልጠራው መመለስ አይችልም። ኃይላቸው ሲፈልጉት አይመጣም፣ ሳይፈልጉት ይመጣል። አንዳንዴ ክፉ ሰው ይዋጋሉ። አብዛኛውን ጊዜ ግን የሰበሩትን ይለቅማሉ፣ እርስ በርስ ይጣላሉ፣ ከሰው ይሸሸጋሉ። የሚመክራቸው ትልቅ ሰው በየትኛውም ገጽ ላይ የለም።

ሦስተኛችን የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። አባቱ ዳዊት ደጋሚ ነበሩ፤ በረዶ ይመልሳሉ ተብሎ ከየአዝመራው እህል ይሰፈርላቸው ነበር። እሳቸው ሲሞቱ ገበሬው ወደ ልጁ ዞረ። ልጁ ምንም እንደማያውቅ ቢምልም የሚሰማው አላገኘም። ኑጉ አበባ ላይ ሳለ በረዶ ወርዶ ከቤት ጎትተው አወጡትና እርሻው መካከል አቁመው "መልስ" አሉት። በረዶው ግንባሩን ፈንክቶት ጠባሳው ቀርቷል። ኑጉ ካለቀ በኋላ ደግሞ "አውቆ ነው" ብለው ደበደቡት። ከቄስ ትምህርት ቤት ወጥቶ ወደ እኛ ትምህርት ቤት የገባው ከዚያ በኋላ ነው። ገጾቹን አንድ በአንድ አየና፣

"ይሄ ልጅ ቢያንስ እጁ በእውነት ያቃጥላል" አለ። "እኔ እኮ ባዶ እጄን ነው የተደበደብኩት።"

የራሳችንን የሥዕል ታሪክ እንሥራ ያለችው ልጅቷ ናት።

ወረቀት ያገኘነው ከርብ ወንዝ ድልድይ ጥገና ነው። ሠራተኞቹ ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት ሜዳ ላይ ይጥላሉ፤ ከረጢቱ ድርብርብ ስለሆነ የመካከሉ ወረቀት ንጹሕ ነው። ቀለሙን የሠራው የዳዊት ደጋሚው ልጅ ነው። ከጥላሸት ቀለም መበጥበጥና የመቃ ብዕር መቅረጽ ከአባቱ ተምሯል። ቀዩን እናትዋ ማሰሮ ከምትቀባበት አፈር ወሰድን፤ ሰማያዊውን ነጭ ልብስ ከሚነከርበት ሰማያዊ ዱቄት። እሷ ትሥላለች፣ እኔ ቃሉን እጽፋለሁ። የምንሠራው እነሱ ቤት፣ ሸክላው ከሚተኮስበት ጓሮ ነበር። ሌላ ሰው እዚያ ስለማይደርስ ማንም አይረብሸንም።

የመጀመሪያ ቀን ስገባ እናትዋን "እንደምን ዋሉ?" ብዬ እጅ ነሣሁ። ጭቃ የያዘ እጅዋን አንሥታ አየችኝ።

"እኔን አንቱ የሚል የለም፣ ልጄ" አለች። "ሰው ይሰማሃል፤ ተወው።"

"ከእናቴ እኩያ ነዎት እኮ" አልኳት።

ወደ ጭቃዋ ተመለሰች። በዚያ ቀን ግን እንጀራ በሽሮ አቀረበችልኝና እኔ ስበላ እሷም ልጅዋም ተነሥተው ወጡ። ሳያዩኝ እንድበላ ነው።  ሌላ ጊዜ አብራችሁኝ ካልበላችሁ አልበላም አልኩ፤ ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ አብረን መብላት ጀመርን። አባቴ ቢሰማ ኖሮ ምን እንደሚያደርገኝ አላውቅም።

በታሪካችን ውስጥ የሚጥለው ልጅ ሲወድቅ ምድር ከእሱ ጋር ይንቀጠቀጣል፤ ስለዚህ እወድቅ ይሆናል እያለ ከተማ መግባት ይፈራል። የበረዶው ልጅ ሲናደድ በጠራራ ፀሐይ በረዶ ያወርዳል፤ ግን በረዶው ሁልጊዜ በራሱ ላይ ብቻ ነው የሚወርደው። ሦስተኛዋ የወደደችው ነገር ሁሉ ይሰነጠቃል። የጠላችው ምንም አይሆንም። ይህን ያሰበችው ራሷ ናት። እኔ ጠላት የሚያሸንፍ ዓይን እንስጣት ብያት ነበር። አልሰማችኝም።

አንድ ቀን የበረዶው ልጅ ቀለም ሊበጠብጥ ሄዶ ሁለታችን ቀርተን ሳለ፣ ሥራዋን ሳታቋርጥ፣

"እውነት ቢሆንስ?" አለችኝ።

"ምኑ?"

"እኔ። ሰው የምበላ ብሆንስ?"

"ከእኔ ጋር ስንት ጊዜ በላሽ? ምን ሆንኩ?"

"አንተማ ትወድቃለህ።"

"ሳላውቅሽም እወድቅ ነበር።"

"ያቺ መጽሔቱ ላይ ያለችው ልጅ፣ ድምፅዋ መስታወት እንደሚሰብር ያወቀችው ከሰበረች በኋላ ነው" አለች። "አስቀድማ እንደማንኛውም ሰው ነበረች። እኔም ሳላውቀው ይሆናል።"

ለእኔ ተረት የነበረው ነገር ለእሷ ጥያቄ እንደነበረ ያን ቀን ገባኝ። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሰው ምግቡን ሲሸፍንባት አድጋለች። ይህ ሁሉ ሕዝብ ተሳስቷል ብሎ ማሰብ ለአንዲት ልጅ ቀላል አይደለም።

ሥዕሉ ትምህርት ቤት ውስጥ ታወቀ። መጀመሪያ አንድ ሁለት ልጆች ከትከሻችን በላይ እየተንጠራሩ አዩ፤ ከዚያ በዕረፍት ሰዓት ዙሪያችንን መክበብ ጀመሩ። ቂጣቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ሥዕሉን ሲያዩ መሸፈኑን ይረሱታል። አንዲት ልጅ ሳታስበው ከቂጣዋ ቆርሳ ለጓደኛዬ ሰጠቻት። እሷም ተቀብላ በላች። ያንን ሳይ የተሰማኝን ደስታ ዛሬም አልረሳሁትም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ደስታ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ሞኝ ደስታ ግን አላየሁም።

ብዙዎቹ "እኔንም ሣይኝ" ይሏት ነበር። ከእነሱ አንዱ የመንደሩ ሹም የጭቃ ሹሙ ልጅ ነው። ክፉ ልጅ አልነበረም። ሳቂታ፣ ኳስ ወዳድ፣ ሰው አይደበድብም።

"ምን ኃይል ትፈልጋለህ?" አለችው።

"ከብት እንዲታዘዘኝ።"

አባቱ ብዙ ከብት ስላለው ሁላችንም ሳቅን። ሣለችው። ልጁ ያፏጫል፣ ከብቱ ይመጣል። የአባቱ ብቻ ሳይሆን የፎገራ ከብት ሁሉ፣ ከርብ እስከ ጉማራ ያለው፣ አቧራውን አስነሥቶ ይጎርፋል። ልጁ ማፏጨቱን ቢያቆምም ከብቱ መምጣቱን አያቆምም። በመጨረሻው ሥዕል ልጁ በቀንዶች መካከል መሬት ላይ ወድቆ ይታያል። ሦስቱ ልጆች በሚቀጥለው ገጽ ደርሰው ያወጡታል ብለን ተስማምተን ነበር፤ ግን ወረቀት አለቀብን፤ ርብም ሞልቶ ስለነበር ወደ ድልድዩ ሄደን ከረጢት ማምጣት አልቻልንም። ልጁ ሥዕሉን በጣም ወደደው። ለራሴ ላስቀምጠው ብሎ ይዞት ሄደ።

ክረምቱ አልፎ ትምህርት እንደገና ተከፈተ፤ ጥቅምት ገባ። ውኃው ከሜዳው እየሸሸ በየጉድጓዱ ቀረ፤ ትንኙም ከእሱ ጋር። በዚያ ወር ንዳድ የማይገባበት ቤት አልነበረም፤ የጭቃ ሹሙም ቤት ገባ። ልጁ ክፍል ሳይመጣ ሲቀር ልጠይቀው ሄድኩ። ትኩሳቱ ከአልጋው ራቅ ብዬ እንኳ ይሰማኛል። ይቃዣል፤ "ቀንዱ፣ ቀንዱን አንሡልኝ" ይላል። እናቱ ራስጌው ቆማ ታለቅሳለች። ከጤና ጣቢያው ድሬሰሩ፣ የሐኪም ረዳቱ፣ መጥቶ ነበር። ዓይኑን ገልጦ አየው፣ ሆዱን ዳሰሰው፣ ኪኒን በውኃ አስዋጠው፤ የቀረውንም ለእናቱ ሰጥቶ እንዴት እንደምትሰጠው አስረዳት።

"ወባ ነው" አላቸው ለጭቃ ሹሙ። "ኪኒኑን ሳያቋርጥ ከወሰደ በሁለት ሦስት ቀን ይነሣል። አይስጉ።"

አባቴም እዚያ ነበር፤ እሱም ሰምቷል።

ድሬሰሩ ከሄደ በኋላ እናቱ ከትራሱ ሥር ሥዕሉን አወጣች። ምን እንደሆነ ጠየቀች፤ አንዱ የሰፈር ልጅ ነገራት። ማን እንደሣለውም ነገራት። ሴትዮዋ ሥዕሉን እያየች የልጅዋን ቅዠት ሰማች። ከዚያ በኋላ ለማንም ማስረዳት አይቻልም ነበር።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ልጅቷን ከነአባትዋ አስመጧቸው። የጭቃ ሹሙ ግቢ ሰው ሞልቶበታል። የንስሐ አባታቸው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ጭቃ ሹሙ አጠገባቸው። የልጅቷ አባት በሩ አጠገብ ኩታውን አደግድጎ ቆመ። ያ ሰው ትልቅ መዶሻ እንደ ቀላል ነገር ሲያነሣ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ያን ቀን ግን ትከሻው ወርዶ አንሶ ታየኝ።

ጭቃ ሹሙ አልተቆጡም። በለሰለሰ ድምፅ ነው የጠየቋት።

"ልጄ፣ ይህን የሣለው ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

"ምን አድርጎሽ ነው ከቀንድ ሥር የጣልሽው?"

"ምንም አላደረገኝም። ሣይኝ ብሎኝ ነው። ታሪኩ ደግሞ አላለቀም፤ በሚቀጥለው ገጽ እናነሣዋለን።"

"ማነው የሚያነሣው?"

"እኔና፣ እነሱ" አለች፤ ወደ እኔና ወደ በረዶው ልጅ አየት አድርጋ።

ከሴቶቹ መካከል አንዷ፣ "ሰማችሁ? ማንሣትም ትችላለች" አለች። ቃሉ ግቢውን ዞረ። የታሪኩን ቀጣይ ገጽ ነበር የነገረቻቸው፤ እነሱ ግን እንደ ቃሏ ያዙባት።

"እንግዲያው ልቀቂው" አሉ የንስሐ አባትየው። "እንትፍ በይበትና ልቀቂው፤ ምንም አናደርግሽም።"

ልጅቷ ወደ አባትዋ ዞረች። አባትዋ፣ "አባቴ፣ እባክዎ፣ ልጅ ናት፤ ወረቀት ነው" አለ። 

ያን ጊዜ ተነሥቼ ወደ መካከል ገባሁ። የምናገረውን ሌሊቱን ሁሉ ሳስበው አድሬ ነበር። "ጌታዬ፣ ድሬሰሩ ወባ ነው ብሏል" አልኩ። "እርስዎም ሰምተዋል። ኪኒን እየወሰደ ነው። ይድናል። ቢድን በኪኒኑ ነው፤ እሷ ምንም..."

የተቃጠለ ላባ ሸተተኝ።

ስነቃ ክብሪት አፍንጫዬ ሥር ይጨሳል። ሰማዩን አየሁ፣ ከዚያ የእናቴን ፊት። ከበላዬ ሰዎች ይነጋገራሉ። "ለእሷ ሊናገር ሲል እሱንም ያዘችው" ይላል አንዱ። ሌላው፣ "አፉን ነው የዘጋችው" ይላል። ምላሴን ነክሼ ስለነበር መናገር አልቻልኩም። ልጅቷን ቀና ብዬ ፈለግኋት፤ እዚያ አልነበረችም።

ያላየሁትን የነገረኝ የበረዶው ልጅ ነው። እኔ በወደቅሁበት ሰዓት ወደ ቤት አስገቧት። ከቀሚስዋ ጫፍ ቀደው ፍም ላይ ጥለው በሽተኛውን አጠኑት። ከዚያ እንትፍ በይበት አሏት። አፏ ደርቆ እምቢ ሲላት ውኃ ሰጧት፤ ጠጥታ ፊቱና ደረቱ ላይ እንትፍ አለች። አልታገለችም። "ስትወጣ ወደ አንተ አየች" አለኝ። "አንተ መሬት ላይ ነበርክ።"

ልጁ ዳነ። ድሬሰሩ ባለው ጊዜ ትኩሳቱ ለቀቀው፣ ምግብ ጠየቀ፣ ተነሥቶ ግቢ ውስጥ ተራመደ። ከዚያ በፊት የሚጠራጠር ሰው ከነበረ አሁን አልቀረም። ቢሞት ኖሮ ገደለችው ይሉ ነበር፤ ስለዳነ ለቀቀችው አሉ። ሁለቱም መንገድ ወደ እሷ ቤት ነበር የሚወስደው።

ስወድቅ አባቴ ነው ተሸክሞ ቤት ያስገባኝ። ማታ ምላሴ ሲሻለኝ ጠየቅሁት።

"አባዬ፣ ድሬሰሩ ያለውን ሰምተሃል አይደል?"

"ሰምቻለሁ።"

"ታዲያ ለምን አልተናገርክም?"

እሳቱን ቆሰቆሰ። "እህቶችህ ለባል የደረሱ ናቸው" አለ። "እስከ ዛሬ ሰው የእነዚህ ቤት ዘር የሚጥለው ነው ሲል ኖሯል። ዛሬ ምን እንዳሉ ሰምተሃል። ከእሷ ነው አሉ። ከደማችን አይደለም አሉ።"

አባቴ ደግ ሰው ነበር። ደግ ሰው ባይሆን ኖሮ ይህን ቃል ለመርሳት ይቀለኝ ነበር።

የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ሥዕሎቹ ሁሉ እንዲመጡ አዘዘ፤ በእኛ በተማሪዎቹ ፊት ተቃጠሉ። ዲሬክተሩ የተማረ ሰው ነው፤ በቡዳ አያምንም ነበር። ሰላም እንዲወርድ ብሎ ነው ያደረገው፤ እንዲህ ብሎም በግልጽ ነገረን። የሲሚንቶ ወረቀት ቶሎ አይነድም፤ ብዙ ጭሶ ነው የነደደው።

ከዚያ ሽማግሌዎች ለጠይቡ አገሩን ለቅቆ እንዲሄድ ነገሩት። ጊዜው ግን ውኃው ሸሽቶ በቀረው እርጥበት ላይ ሽምብራና ጓያ የሚዘራበት ነው፤ ማረሻ ያስፈልጋል። ስለዚህ ማረሻው ሁሉ እስኪሳል ቆይቶ እንዲሄድ ፈቀዱለት። ገበሬዎቹ ያባረሩት ሰው ደጅ ማረሻቸውን ይዘው ተሰልፈው ተራ ሲጠብቁ አይቻለሁ። እሱም ቀጥቅጦ፣ ስሎ፣ ሰጥቷቸው ነው የሄደው።

ከመሄዳቸው በፊት ተደብቄ ሄድኩ። እናትዋ ሸክላዎቹን በገለባ እየጠቀለለች ነበር፤ ሰላምታዬን በራስ ንቅናቄ ብቻ መለሰችልኝ። ልጅቷ ጓሮ ተቀምጣለች።

"ኪኒኑ ነው ያዳነው" አልኳት። "እኔ እዚያ ነበርኩ፤ ሲያስውጠው አይቻለሁ።"

"እንትፍ ስልበት ዓይኑን ገለጠ" አለችኝ።

"ውኃ ሲነካው ማንም ይገልጣል።"

"አንተ ደግሞ ለእኔ ልትናገር ስትል ወደቅህ።"

"ተጨንቄ ነው። ስጨነቅ ይመጣብኛል። ታውቂያለሽ።"

"የምወደው ነው የሚሰነጠቀው" አለች። "እኔው ራሴ ነኝ ያሰብኩት። ማን ነገረኝ? ከሆዴ ነው የወጣው።" ከዚያ ሂድ አለችኝ። ንዴት የለባትም፤ ለእኔ አዝና ነው ያሰናበተችኝ። ልትጠብቀኝ ነበር የፈለገችው።

ሌላ ሰው ቡዳ ሲላት ችላ ኖራለች። ያን ቀን ግን ራሷ በራሷ ላይ ፈረደች።

የበረዶው ልጅ በተከታዩ ዓመት ትምህርቱን ተወ። መንገድ ላይ ሳገኘው ነጭ ሻሽ ጠምጥሟል፤ የአባቱን መቋሚያ ይዟል። ገበሬው እንደገና እህል ይሰፍርለት ጀምሯል።

"ትችላለህ ማለት ነው?" አልኩት።

"ደመናው ሲመጣ ሜዳ ወጥቼ እጮሃለሁ" አለ። "በረዶው ካለፈ እኔ ነኝ። ካላለፈ የእነሱ ኃጢአት ነው፤ እንዲህ ብዬ አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ። ይህን አባቴ ቢነግረኝ ኖሮ ግንባሬ አይፈነከትም ነበር።" ሳቀ። ስቆ ሲያበቃ ፊቱ የሽማግሌ ፊት ሆነብኝ።

እኔ ለትምህርት ጎንደር ሄድኩ። እዚያ ክፍል ውስጥ ስወድቅ ሆስፒታል ወሰዱኝ። ሐኪሙ ስለ በሽታው ጥቂት ጠየቀኝና ነጭ ኪኒን አዘዘልኝ፤ በየቀኑ ዋጥ፣ አታቋርጥ አለኝ። ሌላ ምንም አላለም። ዋጥኩ፤ መውደቄ ቀረ። ያን ሁሉ ዓመት ሰው የሸሸኝ፣ እናቴ ተራራ ለተራራ የዞረችብኝ፣ አንዲት ልጅ የተከሰሰችበት ነገር ከጥፍር የሚያንስ ነጭ ነገር ነበር የሚያስፈልገው። መዳኔን ሳውቅ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው ያሰብኩት፤ የእሷ በሽታ እሷ ላይ አልነበረም። ስለዚህ ለእሷ የሚዋጥ ኪኒን የለም።

ከጥቂት ዓመት በኋላ፣ ለበዓል ወደ ቤት ስመለስ፣ መኪናው ይፋግ ላይ ቆመ። የገበያ ቀን ነበር። ከሸክላ ተራ ዳር ተቀምጣ አየኋት። ሕፃን አዝላለች። ቀርቤ ሰላም አልኳት፤ በድምፄ ነው የለየችኝ፤ ቀና አላለችም። ገበያተኛው ማሰሮ ሲያነሣ የምታየው እጁን ብቻ ነው።

"ድኛለሁ" አልኳት። "በመድኃኒት ነው። ከዚያ ወዲህ ወድቄ አላውቅም።"

"እግዚአብሔር ይመስገን" አለች ከልብዋ።

"ከአንቺ አልነበረም ማለት ነው። ተረዳሽኝ? ከአንቺ ቢሆን ኖሮ መድኃኒት አይፈውሰኝም ነበር።"

"ከእኔ ራቅህ እኮ" አለችኝ። "ርቀህ ነው የዳንከው።"

 ሕፃኑ ማልቀስ ጀመረ። ከጀርባዋ አውርዳ ከነጠላዋ ሥር ጡት ሰጠችው። ስታጠባው ፊትዋን ወደ ማሰሮዎቹ አዙራ ነበር፤ አንድ ጊዜም ወደ ልጁ አላየችም። ከጎንዋ የተቀመጠችው ሸክላ ሻጭ ዓይኔን ተከትላ አይታኝ፣ "እንደዚህ ናት፤ ገና ከወለደችው ጀምሮ ነው" አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ሌላ ነገር ልንነጋገር ስንል ሰዎች ዋጋ ሊጠይቋት መጡ፤ እኔም ሄድኩ።

የጭቃ ሹሙን ልጅ የመጨረሻ ጊዜ ያገኘሁት በታናሽ እህቴ ሠርግ ላይ ነው። አባቱ ሞተው ቦታውን እሱ ይዟል፤ ወፍሯል፤ ሳቂታነቱ ግን አልለቀቀውም። ዳሱ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጦ፣ እንዴት ከሞት እንደተረፈ ለሙሽራው ወገኖች ይተርክ ነበር። የቀሚሱን ጭስ፣ ምራቁን፣ ዓይኑን የገለጠበትን ቅጽበት። ደጋግሞ እንዳወራው ያስታውቃል፤ የት ላይ ዝም እንደሚል ያውቃል። ሰው ሁሉ ጉርሻውን ይዞ ያዳምጠዋል።

"ኪኒን እኮ ወስደህ ነበር" አልኩት ሲጨርስ።

"ወስጃለሁ" አለ፤ ትዝታው አሳቀው። "ወይ ምሬቱ። አፌን ሳምንት ሙሉ አልለቀቀውም። ምን ጠቀመኝ?"

"እሱ ነው ያዳነህ።"

በፍቅር ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። "አንተ ያን ጊዜም ለእሷ ታደላ ነበር" አለኝ። "እኔም አልጠላትም። ሥዕልዋ ደግሞ እንዴት ያምር ነበር፤ ከብቱ ሁሉ ሕይወት ያለው ይመስል ነበር።" ከዚያ ወደ እንግዶቹ ዞሮ፣ "እሱንም ይዛው ነበር፣ ግን ተወችው፤ እዩት፣ ዛሬ ጤነኛ ነው" አላቸው።

እንግዶቹ እየተገረሙ አዩኝ። የእህቴ አማች፣ ትልቅ ሰው፣ ብድግ ብለው በእጃቸው አጎረሱኝ፤ አባቴ ከዳሱ ጫፍ ሆኖ ይህን አይቶ ራሱን ነቀነቀልኝ፤ ደስ ብሎታል። ጎረስኩ።